የአራጣው፣ የዕቁቡ፣ የሱቁ፣ የስልኩ፦ የቱን ዕዳ ላስቀድም?

የቱሉ ዲምቱው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ለሰው በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ስቱዲዮ ተከራይቼ። የምሠራው ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ክፍል ነው። ግብርና ጡረታው ተቆርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 12,400 ብር ነው። ባለቤቴ ብሎካችን ሥር ሻይ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ትሸጣለች። ወጪዋን ችላ በወር ወደ 5,000 ብር ታገኛለች። አንድ ልጅ አለችን፣ ዘንድሮ ኬጂ ጀምራለች።

ወጪያችን ኪራይ 6,000፣ አስቤዛ 6,000፣ ትራንስፖርት 1,500፣ የልጅ ትምህርት ቤት 1,200፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 700 ነው። ሲደመር 15,400። ከ17,400 ገቢያችን 2,000 ይተርፋል ማለት ነው። ዕዳ ባይኖር ኖሮ ያኖረን ነበር።

ከሰባት ወር በፊት ባለቤቴ ሌሊት ትርፍ አንጀት ታመመችብኝና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ። ያኔ ኪሴ ውስጥ የነበረው 1,800 ብር ነው። በሰው በሰው አንድ አበዳሪ ተገኘና 20,000 ሰጠኝ፣ በወር አሥር በመቶ። ያስፈረመኝ ወረቀት ላይ ግን 32,000 ይላል። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ነበርና አላነበብኩትም ማለት ይቻላል፣ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ 2,000 ወለድ እከፍላለሁ። እስካሁን 14,000 ብር ከፍያለሁ። ዋናው ግን አሁንም 20,000 ነው።

ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ነው። 12 ሰው ነን፣ በወር 2,000 እንጥላለን። በሁለተኛው ወር ቤት ስንቀይር አከራዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ስለጠየቀኝ ዳኛውን ለምኜ 24,000 ወሰድኩ። 18,000 ለኪራዩ ሄደ፣ የቀረው ለባለቤቴ ፍሪጅ ማሟያ ሆነ። አምስት ወር ይቀረኛል፣ 10,000 ብር። ዋሴ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው።

ሦስተኛው የሱቅ ዱቤ፣ 6,300 ብር። አራተኛው የስልክ ብድር፣ 3,000 ወስጄ በወሩ 3,240 እመልሳለሁ። ደሞዝ እንደገባ ይቆረጣል፣ ያው ቀን መልሼ እወስደዋለሁ። ስንት ወር እንደሆነው እንኳ አላውቅም።

የ2005 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ፣ 28,000 ብር ቆጥቤያለሁ። እሱን አውጥቼ አራጣውን ልገላገል ወይ? ሂሳቡን ከዘጋሁ ግን ተራዬ አብሮ ይሄዳል። ወይስ አንድ ጓደኛዬ እንዳለኝ ሌላ ዕቁብ ገብቼ መጀመሪያ ወስጄ ሁሉንም ልዝጋ? ወይስ ፍሪጁን ልሽጠው?

ባለቤቴ ስለ አራጣው አታውቅም። ከመሥሪያ ቤት የተበደርኩት ነው የመሰላት። እባካችሁ ያለፋችሁበት ሰዎች ምከሩኝ።

የአባዶዋ እናት

ወንድሜ፣ እንኳን እሷ ዳነችልህ። ቁጥሩን ከመነካካትህ በፊት ግን ለሚስትህ ንገራት። ዛሬ ማታ ንገራት። ይህን የምልህ ከራሴ ቤት ስላየሁት ነው። የኔ ባል የባጃጅ ዕዳ ለአምስት ወር ደብቆኝ ነበር። በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ እኔ ለእህቴ ሠርግ ቀሚስ አሰፋሁ፣ ለልጄ ልደት ኬክ አዘዝኩ፣ ለቤቱም መጋረጃ ቀየርኩ። ባውቅ አንዱንም አላደርገውም ነበር። እሱ እየፈራኝ ዝም አለ፣ እኔ ሳላውቅ ዕዳው ላይ ጨመርኩበት። ስሰማ በጣም ያመመኝ ገንዘቡ አይደለም፣ አምስት ወር ሙሉ ሌሊት ሲገላበጥ ሆዱን አሞት እየመሰለኝ ዳማ ከሴ ስጨምቅለት መኖሬ ነው።

ከነገርካት በኋላ አንድ ደብተር አውጡና ሁሉንም ዕዳ በአንድ ገጽ ላይ ጻፉት። ለማን፣ ስንት፣ መቼ። እኛ የልጄን ያለቀ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ቀደን ጻፍንበትና ቁም ሳጥኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጠፍነው። ጠዋት ልብስ ስናወጣ እናየዋለን፣ እንግዳ አያየውም። የተከፈለውን በእርሳስ እንሰርዛለን። ያ ወረቀት አሁንም አለ፣ አልጣልኩትም።

ሌላው አስቤዛችሁ ነው። 6,000 ለሦስት ሰው ብዙ አይደለም፣ አባካኝ ናችሁ አልልህም። ግን እንዴት እንደምትገዙ እዩት። እኛ ዕዳ ውስጥ ሳለን ዘይት በትንሽ ጠርሙስ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ በርበሬ በፌስታል ቁራጭ ነበር የምንገዛው፣ ምክንያቱም በአንዴ የሚወጣ ብር የለንም። በትንሽ በትንሹ ሲገዛ ደግሞ ያው ዕቃ በጣም ይወደዳል። በኋላ አራት ጎረቤት ሆነን አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝተን 25፣ 25 ኪሎ ተካፈልን። ሽንኩርትና ቲማቲም ከእሁድ ገበያ እንገዛለን። አንዷ ትሄዳለች፣ ለአራታችንም ትገዛለች፣ ተራ በተራ ነው።

ኮንዶሚኒየሙን ግን አትንካው። እኔ የ97 ተመዝጋቢ ሆኜ ነው ቤት ያገኘሁት፣ ስንት ጊዜ ላወጣው አስቤ እናቴ ናት የከለከለችኝ። ከ2005 ጀምረህ እስከ ዛሬ ጠብቀህ፣ አሁን ለአራጣ አበዳሪ ልትሰጠው ነው? በፍጹም።

የሰበታ ሒሳብ ሠራተኛ

እህቴ ያለችው ስለ ሚስትህ ልክ ነው። እኔ ቁጥሩን ልያዝልህ።

አራቱም ዕዳ እኩል ያስጨነቁህ ይመስላል፣ ግን እኩል አይደሉም። ዕቁቡ ወለድ የለውም። የወሰድከውን 24,000 ነው የምትመልሰው፣ አንድ ብር አይጨምርም። ሱቁም ወለድ የለውም፣ ቢበዛ ዕቃው ትንሽ ይወደድብህ ይሆናል። አራጣው በወር አሥር በመቶ ነው፣ በዓመት 120 በመቶ። የስልኩን ደግሞ አስላው። በ3,000 ላይ 240 ማለት በወር ስምንት በመቶ ነው፣ በየወሩ ካደስከው በዓመት 96 በመቶ ይሆናል። በሁለት ደቂቃ ስልክህ ላይ ስለሚገባና ማንም በርህን ስለማያንኳኳ አራጣ አይመስልም፣ ግን ኪስህን የሚጎዳህ ከአራጣው ብዙም ባልራቀ መጠን ነው። እነዚህ ሁለቱ ናቸው መጀመሪያ መሞት ያለባቸው። የስልኩ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይዘጋል፣ ዝጋውና መልሰህ አትውሰድ። ደግሞም ዝም ብለህ አትተወው። ባንክና ማይክሮፋይናንስ ብድር ከመስጠታቸው በፊት ብሔራዊ ባንክ ያለውን የተበዳሪዎች መረጃ ያያሉ። ዛሬ 3,000 ብር ሳትከፍል ብትጠፋ፣ የዛሬ አምስት ዓመት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶህ የባንክ ብድር ስትፈልግ ይቺ 3,000 ተነስታ ትጠብቅሃለች።

ወርህን ደግሞ ተመልከተው። የሚተርፍህ 2,000 ነው። የምትከፍለው ግን 2,000 ወለድ፣ 2,000 ዕቁብ፣ 240 የስልክ ነው። በየወሩ 2,240 ብር ይጎድልሃል። የሱቁ ዱቤ ከየት እንደመጣ አሁን ታየህ? አንተ ሱቅ ተበድረህ የበላህ አልነበረም፣ የአራጣውን ወለድ ነው በሱቁ ደብተር ስትከፍል የኖርከው።

ስለዚህ አራጣውን በርካሽ ብድር ለውጠው። መሥሪያ ቤትህ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር አለው? በምሳሌ ላሳይህ። 20,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ፣ ወለዱ በቀሪው ላይ እየታሰበ፣ በ12 ወር የሚከፈል ብትበደር በወር 1,805 ብር ገደማ ትከፍላለህ። ዓመቱ ሲያልቅ ዋናውም አልቋል። የከፈልከው ወለድ በጠቅላላ ወደ 1,660 ብር ነው። አሁን በአንድ ወር የምትከፍለውን ያህል እንኳ አይሞላም። ማኅበር ከሌለ የደሞዝ ቅድሚያ ጠይቅ። አሠሪ ከደሞዝህ ላይ በአንድ ጊዜ መቁረጥ የሚችለው ከወር ደሞዝህ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፣ ይህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ያለ ነው። ግን አንድ ሦስተኛውን ሁሉ አታስቆርጥ፣ ቤትህ አይችለውም። ረዘም ላለ ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ ይሁን በል።

በኮንዶሚኒየሙ ላይ ግን ከእህቴ ጋር አልስማማም። ባንክ ያለው 28,000 ብርህ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ፣ በዓመት 1,960 ብር ይወልድልሃል። አንተ ለአራጣው በአንድ ወር 2,000 ትከፍላለህ። ሒሳብ ብቻ ከሆነ የሚባለው አውጣው ነው።

የአባዶዋ እናት

ሒሳብ ብቻ አይደለማ። ቤት ነው። ልጅቷ ኬጂ ናት፣ አከራይ በየዓመቱ ኪራይ ሲጨምርባቸው ልታድግ ነው?

የሰበታ ሒሳብ ሠራተኛ

እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። እንዲህ እንበል። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን ይሞክር። አበዳሪውንም በሽማግሌ ያናግር። ሁሉም በር ከተዘጋና ወለዱ ስድስት ወር ከቀጠለ ግን 12,000 ተጨማሪ ሄዷል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ እንደገና እንነጋገራለን።

የገላን ልጅ

ሁለተኛ ዕቁብ የምትለዋን ተዋት ወንድሜ። እኔ አድርጌዋለሁ። የአንዱን ለመጣል ሁለተኛ ገባሁ፣ የሁለተኛውን ለመጣል ሦስተኛ። ቀድሞ የተወሰደ ዕቁብ ብድር ነው፣ ስሙ ዕቁብ ስለሆነ ቁጠባ እንዳይመስልህ። በመጨረሻ ዋሴ ከደሞዙ ተቆረጠበት። ክርስትና ያነሳሁለት ልጅ አባት ነው፣ ዛሬም ድረስ ዓይኑን ማየት ይከብደኛል። የአሁኑን ዕቁብህን ግን አንድም ወር እንዳታዛንፍ። ወለድ ባይኖረውም ሰው አለበት።

ባለሱቁ (ለገጣፎ)

እኔ ደብተር ከሚይዙት ወገን ነኝ። 11 ዓመት ሱቅ ላይ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ከወዲያ ማዶ ያለውን ልንገርህ።

ለኔ ከባዱ ደንበኛ ብዙ ዱቤ ያለበት አይደለም። መንገድ የቀየረው ነው። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ ያልፍ ነበር። ዕዳው 4,000 ሲደርስ በጀርባ በኩል ባለው ኮብልስቶን መሄድ ጀመረ። ልጁን ዳቦ ሲልክ እንኳ ሌላ ሱቅ ነው የሚልከው። እኔ ያን ገጽ ጫፉን አጥፌ አስቀምጣለሁ፣ ደብተሩን በገለጥኩ ቁጥር ትታየኛለች። መርካቶ ያለው ጅምላ አከፋፋይ ለኔም በዱቤ ነው የሚሰጠኝ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይደውላል። እኔም የማለቅስበት ሰው አለኝ ማለት ነው።

ሌላ ደንበኛ ደግሞ ነበረኝ፣ የቀን ሠራተኛ ነው። 7,000 ገብቶበት አንድ ቀን ማታ መጣና "ጋሼ፣ አልጠፋሁም። በየወሩ 500 እሰጥሃለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በእጄ ባለው ብቻ ነው የምገዛው" አለኝ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀበት። አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። እንዲያውም ዘይት ሲረክስ እሱን ነበር የምጠራው።

ስለዚህ ወደ ባለሱቅህ ሂድ። ሰው በሌለበት ሰዓት ሂድ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። ባዶ እጅህን አትሂድ፣ 300ም ብትሆን ይዘህ ሂድ። ደብተሩን አውጣልኝ በለውና አንድ ላይ ደምሩት፣ ምክንያቱም አንዳንዴ እኛም እንሳሳታለን፣ ልጅ ሲጽፍ፣ ሱቁ ሲጨናነቅ። ድምሩ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ። ከዚያ በኋላ አዲስ ዱቤ በዚያ ገጽ ላይ አታስጽፍ።

ፍሪጁን ደግሞ አትሽጥ። ሚስትህ ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጠው በሱ ነው። ብር የሚያመጣ ዕቃ አይሸጥም። የሚሸጥ ካለ ቤት ውስጥ ብር የማያመጣውን ፈልግ።

መዝገብ ቤት የሠራሁ

ጠበቃ አይደለሁም። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ የብድር ክስ ሲመጣ ሲሄድ አይቻለሁ። ስለ 32,000ዋ ወረቀት ማንም ስላላነሳት ነው የምጽፈው። እኔን በጣም ያሳሰበችኝ እሷ ናት።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም። አንተ በወር አሥር ነው የምትከፍለው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የሰውን ችግር ተጠቅሞ አራጣ ማበደር ወንጀል ነው፣ አንቀጽ 712። አበዳሪዎቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ ነው ወለዱን ውሉ ላይ የማይጽፉት። 20,000 ሰጥተው 32,000 ሰጠሁ ብለው ያስፈርማሉ፣ ወረቀቱ ላይ ወለድ የሚል ቃል የለም። ክስ ከመጣ ዳኛው ፊት የሚቀርበው ያ ወረቀት ነው። አንተ ደግሞ 14,000 መክፈልህን የሚያሳይ ምን አለህ? በእጅ ከሆነ የከፈልከው ምንም የለህም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በእጅ ምንም አትስጠው። በባንክ አስተላልፍ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም ምን እንደሆነ ጻፍ። እስከዛሬ የላክህለት የጽሑፍ መልእክት፣ "የዚህ ወር ደርሶኛል" ያለህ ነገር ካለ አታጥፋው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ነው የሚረጋገጠው፣ ስለዚህ ወረቀት ለሱ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ላንተም ያስፈልግሃል። ጊዜ ልስጥህ ብሎ አዲስ ወረቀት ቢያቀርብልህ አትፈርም። ቼክ ፈርምልኝ ካለህ ደግሞ በፍጹም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ አንቀጽ 693፣ ያን ጊዜ ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ። ሰፈራችን ዳር ዳሩን ስንት ሰው በአንዲት ቼክ ሲታሰር አይቻለሁ፣ ሲወጣም ዕዳው እዚያው ጠብቆታል።

ወዲያው ክስ ጀምር አልልህም። መጀመሪያ በሽማግሌ ይሁን። የዕድራችሁን ሊቀመንበር ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው ይዘህ ሂድ፣ የወሰድከውንና የከፈልከውን ቁጥር በወረቀት አስቀምጥ፣ ሕጉ የሚለውንም በትሕትና ንገረው። እምቢ ካለ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው፣ እነሱ ጋ ሂድ።

ስለ አከራይህም አንድ ነገር። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ያለፈው አልፏል፣ ለወደፊቱ ግን ሦስት ወር ሲጠይቅህ ዝም ብለህ ዕቁብ አትውሰድ።

የቱሉ ዲምቱው (ጠያቂ)

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ያልኩት ሠርቼ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። እህቴ እንዳልሽው በዚያው ማታ አልቻልኩም፣ በሦስተኛው ቀን ነው። ልጅቷ ከተኛች በኋላ ነገርኳት። አልጮኸችም። ብዙ ዝም አለችና "እኔም ያልነገርኩህ አለ" አለችኝ። ለሕክምናው ክትትል መድኃኒት ሲጎድል ከእህቷ 2,000 ብር ተበድራ ነበር፣ እኔ እንዳልጨነቅ ብላ። ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን ስንደብቅ ነበር ማለት ነው። ደብተር አውጥተን ጻፍነው። ከእህቷ ጋር 41,540 ሆነ። ያን ሌሊት ከሰባት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ንጋት ተኛሁ።

መሥሪያ ቤታችን የቁጠባ ማኅበር አለው፣ ግን አባል አይደለሁም፣ ለመበደር ደግሞ መጀመሪያ ስድስት ወር መቆጠብ ያስፈልጋል። ወደ አስተዳደር ሄድኩ። 20,000 አልፈቀዱም፣ 12,000 የደሞዝ ቅድሚያ ፈቀዱልኝ፣ በወር 1,000 እየተቆረጠ በዓመት የሚያልቅ፣ ያለ ወለድ። አምስት ዓመት ሠርቼ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር፣ ጠይቄ አላውቅማ።

የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽዬ ጋ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይዘውኝ ሄዱ። አበዳሪው መጀመሪያ ተቆጣ። ጋሽዬ ቁጭ ብለው በወረቀት ደመሩለት። 14,000 ወስደሃል፣ ዛሬ ደግሞ 12,000 ይሰጥሃል፣ 26,000 ሆነ፣ ያበደርከው 20,000 ነው አሉት። ሕጉንም ጠቀሱለት። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ ከዋናው የቀረውን 8,000 ያለ ወለድ በወር 1,000 እንድከፍለው ተስማማ። ምንም አልከፍልህም ማለትም እችል ነበር ይሆናል፣ ግን እንደምከፍለው ቃል ገብቼ ነው የወሰድኩት፣ በዚህ ይለቅ ብያለሁ። 12,000ውን በባንክ ነው ያስተላለፍኩለት፣ ምክንያቱ ላይ "ከዋናው ብድር ተከፋይ" ብዬ ጻፍኩ።

ቴሌቪዥኑን ሸጥነው፣ 6,000። ባለሱቁ ያልከውን አስበን ነው፣ ፍሪጁ ቀረ። 3,240ው የስልኩን ዘጋ። መልሼ አልወሰድኩም፣ ደሞዝ በገባበት ቀን እጄ ስልኩ ላይ እየሄደብኝ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጥቻት ወጣሁ። የቀረውን 2,760 ይዤ ማታ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። ደብተሩን ደመርነው። የቀረው 3,540 ነው። እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

አሁን በወር ለመሥሪያ ቤት 1,000፣ ለዕቁብ 2,000፣ ለአበዳሪው 1,000፣ ለሱቅ 500 እንከፍላለን፣ 4,500 ነው። 2,000ው የሚተርፈን ነው። ከአደባባዩ እስከ ብሎካችን በባጃጅ እሄድ ነበር፣ በአንድ ጉዞ 15 ብር፣ በደርሶ መልስ 30። ተውኩት፣ በወር 780 ያተርፋል። ከአስቤዛ 520 ቀነስን፣ ጤፉን ከጎረቤት ጋር ተካፍለን። ቅዳሜ ከሰዓት መጋዘን ቆጠራ ላይ ትርፍ ሰዓት ያዝኩ፣ 1,200። ልክ 4,500 ነው፣ ምንም አይተርፍም። የእህቷን ዕቁቡ ሲያልቅ እንጀምራለን፣ እሷም እሺ ብላለች። የዚህን ወር ዕቁብ ከጣልን በኋላ ጠቅላላ ዕዳችን አሁን 33,540 ነው። ኮንዶሚኒየሙን አልነካሁትም።

ልጄ ቴሌቪዥኑ የነበረበትን ግድግዳ እያሳየች ትጠይቃለች። እሱ ትንሽ ከብዶናል።

አንድ ነገር ግን ቀረ። 32,000 የሚለው ወረቀት አሁንም እሱ እጅ ነው። ጠፍቶብኛል፣ ፈልጌ እሰጥሃለሁ ይላል። መዝገብ ቤት የሠራህ ወንድሜ፣ ምን ላስጽፈው?

መዝገብ ቤት የሠራሁ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ወረቀቱ እስኪገኝ አትጠብቅ። ቀጣዩን 1,000 ከመክፈልህ በፊት ይህን አስፈርመው፦

"እኔ አበዳሪ (ሙሉ ስም) ለተበዳሪ (ሙሉ ስም) በቀን … ካበደርኩት 20,000 (ሃያ ሺህ) ብር ላይ 12,000 (አሥራ ሁለት ሺህ) ብር በቀን … በባንክ ተመላሽ የተደረገልኝ ሲሆን፣ የቀረኝ 8,000 (ስምንት ሺህ) ብር ብቻ ነው። ይህም ያለ ምንም ወለድ በየወሩ 1,000 (አንድ ሺህ) ብር እየተከፈለኝ በስምንት ወር ይጠናቀቃል። ከዚህ በፊት በቀን … በ32,000 (ሠላሳ ሁለት ሺህ) ብር የተፈረመው ውል ከዛሬ ጀምሮ ቀሪ ሆኗል፣ ወደፊት ቢገኝም ዋጋ አይኖረውም።"

ቁጥሩን በአኃዝም በፊደልም ጻፍ። ጋሽዬና ሌላ አንድ ሰው በምስክርነት ይፈርሙ፣ ስማቸውና አድራሻቸው ይጻፍ። ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን አንተ ጋ አስቀር፣ ፎቶውን ደግሞ ለባለቤትህ ላክላት።